ስኳር አለበት

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ነበር ልበል? አሁንም ይሰፋል፣ ግን ፔዳሉን የምረግጥለት እኔ ነኝ። እሱ ጨርቁን ይመራል፤ እኔ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የስፌት መኪናውን በእግሬ እነዳለሁ። ስናደድ እፈጥናለሁ። «ቀስ» ይለኛል። ብዙ ጊዜ «ቀስ» ሲለኝ ነው የምንውለው።

ስኳር ከያዘው ቆይቷል። እናቴ በሽታው የተነገረን ዕለት ቤት ውስጥ ያለውን ስኳር ጠራርጋ አወጣችና እኛ ሳንታመም አብረነው መራራ ሻይ ለመድን። ሐኪሙ ደግሞ «እንቅስቃሴ ያድርጉ፣ በእግርዎ ይሂዱ» አለው። በእግር መሄድ ምን ዝግጅት ይፈልጋል? መንገዱ ተዘርግቷል፣ እግር ያን ጊዜ ሁለት ነበረው። አባቴ ግን ነገርን ካላሳመረ አይሆንለትም። ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ጂም ነበር። ከመኪናው ቀና ባለ ቁጥር ሰዎች ቆመው ሲሮጡ ያያል። «ሮጠው የትም የማይደርሱ» እያለ ሲስቅባቸው ከርሞ አንድ ቀን ራሱ ሄዶ ተመዘገበ።

እዚያ የተቀበለው አሰልጣኝ ደረቱ ቀድሞት በር የሚገባ ልጅ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኼው ነው። ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። አባቴን በመጀመሪያው ቀን «ሻምፒዮን» አለው፤ ከዚያ ወዲያ የጂሙ ወጣት ሁሉ «ሻምፒዮን መጡ፣ ለሻምፒዮን ቦታ ልቀቁ» ሆነ። ዕድሜ ልኩን ጎንበስ ብሎ የሰው ሱሪ ሲያሳጥር የኖረ ሰው ሻምፒዮን ሲባል ምን ይሆናል? ጀርባው ቀና አለ። ስፖርት ጫማ ገዛ፣ እግሩን ቀጭን የሚያስመስል ጠባብ ጫማ። አንገቱ ላይ ሜትር ይጥልበት በነበረው ቦታ ፎጣ መጣል ጀመረ።

ከዚያ ደግሞ ጠርሙሱ መጣ። መስታወት ማጽጃ የመሰለ ሰማያዊ ነገር ይዞ ገባ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«የስፖርት መጠጥ ነው። በላብ የሚወጣውን ይተካል።»

«ምን ያህል ላብህና ነው የሚተካው?»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ተቀምጠሽ ነው የምትውይው።»

እውነት ነው፣ ተቀምጬ ነው የምውለው። ሥራዬ የደንበኞችን ስልክ መቀበል ነው፤ ቀኑን ሙሉ የማላውቀው ሰው ሲሰድበኝ «ይቅርታ እንጠይቃለን» ስል እውልና ቤት ስገባ ለራሴ ሰው የሚተርፍ ትዕግሥት አይኖረኝም።

«ውሃ አይበቃህም?»

«ውሃማ ለዕቃ ማጠቢያ ነው» አለኝ።

ነጥቄ ቀመስኩት። ጨው የነካው ከረሜላ ነው። ለእናቴ ነገርኳት። እሷን ነገር ካሳሰባት ዝም ብላ ትነሳለች እንጂ ብዙ አታወራም። በማግስቱ ነጠላዋን ደርባ ጂም ሄደች። ያ ሁሉ ሙዚቃ፣ ያ ሁሉ ብረት በሚንኳኳበት መሐል እሷ እንዴት እንደቆመች ሳስበው እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል። እናቴ ጮክ ብላ መናገር አታውቅም። አባቴንም በስሙ ጠርታው አታውቅም። ሌላ ወንድ በዓለም የሌለ ይመስል «እሱ» ትለዋለች። «እሱ መጣ፣ እሱ በላ፣ እሱ ዛሬ ደክሞታል።» በቤታችን «እሱ» ማለት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ፊቷ በርቶ ተመለሰች። ቅርጫቷን ሳታስቀምጥ ነው የነገረችኝ። አሰልጣኙን አግኝታዋለች፤ አባቴ እንኳ እዚያው አጠገባቸው ጠርሙሱን ይዞ ላቡን እየጠረገ ነበር።

«‘እሱ እኮ ስኳር አለበት’ አልኩት፣ በአገጬ እያሳየሁት። ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‘አውቃለሁ ማዘር፣ አያስቡ። ትንሽ ነው። ስፖርት ሲሠራ በላብ ይወጣል’ አለኝ። ያውቃል! ነግሮታል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ደብቋል ብለን ስንሰጋ።»

እኔም ደስ አለኝ። አባቴ በሽታውን ለማንም አይናገርም፤ በሱቁ በር የሚያልፈው ጎረቤት እንኳ አያውቅም። ስንጨቀጭቀው «ዝም አይነቅዝም» ይለናል። ተረት ሲተርት ደግሞ ክርክሩን ያሸነፈ ይመስለዋል። ለአሰልጣኙ ተናግሮ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው ብዬ ጠርሙሱን ተውኩለት። የሚያውቅ ሰው ይዞታል፣ እኔ ምን አገባኝ?

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ባለ ቀለሙ ይብሳል። አባቴን ይጠማው ጀመር። በጠማው ቁጥር ሰማያዊውን ይጠጣል፣ በጠጣው ቁጥር መልሶ ይጠማዋል። ጥሙ ከስፖርቱ ይመስለዋል። ሲከሳ «ቦርጬ ጠፋ» ብሎ የራሱን ሱሪ በደስታ አጠበበ። እኛም አጨበጨብንለት። አዎ፣ እያለቀ ላለ ሰው ቆመን አጨበጨብን።

ጫማው ተረከዙን ልጦት ነበር። እሱ አልተሰማውም፤ ስኳር የእግርን ስሜት ቀድሞ ይወስዳል። ያየችው እናቴ ናት፣ ካልሲ ስታጥብ። ስትጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «መላጥ ነው፣ ስፖርተኛ ሁሉ ይላጣል» አለና ፋሻ ጠቅልሎበት ሄደ። ሽታው ሱቅ ውስጥ እስኪሰማ ድረስ ሄደ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ እግሩንም የደሙን ውጤትም አይታ መጀመሪያ የጠየቀችው ምን እንደሚጠጣ ነበር። ጠርሙሱ ከቦርሳው ኪስ ብቅ ብሏል። አወጣችውና ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አነበበች።

«ይኼን ማን አዘዘልዎት?»

«ለስፖርት ነው።»

«ይኼ ሰዓታት ሙሉ ለሚሮጥ፣ ላቡ ለሚንጠፈጠፍ ሰው ነው። ማሽን ላይ ትንሽ ተራምዶ ለሚወርድ ጤነኛ እንኳ ውሃ ይበቃዋል። እርስዎ ደግሞ ስኳርዎን በየቀኑ በጠርሙስ ሲጨምሩበት ነው የከረሙት። ቁስሉ በምን ይዳን?»

አባቴ ጣሪያውን አየ። የቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። የፔዳሉን እግር።

አሰልጣኙ ሊጠይቀው መጣ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ጠርሙስ ይዞ! ይኼኛው ቀለም የለውም፤ ንጹሕ ውሃ ይመስላል። እናቴ እጅ ላይ በሁለት እጁ አስቀመጠላት።

«ማዘር፣ ይኼኛው የለበትም።»

«ምኑ?»

«ስኳር። ያን ጊዜ ‘እሱ ስኳር አለበት’ ብለው ቅር ብሎዎት አልነበር? አልረሳሁትም። ይኼ አዲስ የመጣ ነው፣ የሌለበት።»

እናቴ ጠርሙሱን አየች፣ ልጁን አየች። «እኔ እኮ...» አለች፤ «እኔ እሱን ነው ያልኩህ።»

«የቱን?»

«እሱን!» አለችና በአገጯ አልጋውን አሳየችው።

ልጁ ዞሮ አየ። አንሶላው ከቀኝ ጉልበት በታች ሜዳ ሆኗል። ደረቱ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁት።

«ፋዘርን? ፋዘር ስኳር አለባቸው? ‘እሳቸው’ አላሉኝም እኮ ማዘር... ‘እሱ’ ሲሉኝ ጠርሙሱን መስሎኝ...»

ለሱ አባቴ አንቱ ነው። በሱ ጆሮ «እሱ» የሚባለው ጠርሙስ እንጂ አባት አይደለም። አንዲት ቃል ናት። ይኼን ሁሉ ያደረገች አንዲት ቃል! አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያመመው መሰለን።

እኔ ግን ልጁን ተከትዬው ኮሪደር ወጣሁ። ዓመት ሙሉ በስልክ የዋጥኩትን ስድብ በሙሉ እሱ ላይ አራገፍኩት። «ጡንቻህ ጆሮህን ደፍኖታል! ሰው ውስጡ ምን እንዳለ ሳትጠይቅ ማንንም የምታጠጣ አንተ ማን ነህ?» አልኩት። አስታማሚው ሁሉ ቆሞ ሰማ። ያ ሁሉ ደረት እየተንቀጠቀጠ ደረጃውን ወረደ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ጥፋቱን የምሰጠው ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ።

እናቴ ግን ጥፋቱን ለማንም አልሰጠችም፤ ለራሷ ወሰደችው። «አፌን ሞልቼ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት» ማለት ብቻ ሆነ። «እሱ» የሚለው ቃል ከአፏ ጠፋ። አባቴን «አባቷ» ማለት ጀመረች፣ እኔ ባልኖርም። አሁንማ የምትለውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው የምትለው። «ዝጊው፣ በሩን ማለቴ ነው» ትለኛለች፤ ሱቃችን ያለው አንድ በር ነው። ሽንኩርት ስትገዛ «ይኼኛውን፣ ሽንኩርቱን ማለቴ ነው» ስትል ሻጩ ሳቀባት። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

አባቴ ወደ ሥራ ሲመለስ መጀመሪያ በግራ እግሩ ሞከረ። የቀኙን ሥራ ግራው አልገባው አለ፤ መኪናው ወደ ኋላ እየዞረ ክር ይበጥሳል። ስለዚህ ከሥራ ስወጣ እኔ እረግጥለታለሁ።

አንድ ቀን የሚሰፋው የራሱን ሱሪ ነበር። የቀኝ እግሩን አሳጥሮ ጫፉን ይዘጋዋል። እናቴ ሻይ ልታመጣ ወጥታለች። እኔ እየረገጥኩ፣

«እናቴ እያለቀች ነው» አልኩት። «አንድ ነገር በላት። ጥፋትሽ አይደለም በላት።»

«አይደለማ» አለ ጨርቁን እየገፋ። ጫፉን አጠፈና «ገብቶኝ ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«ያን ዕለት፣ ጂም። እሷ እኔን እንደምትል፣ ልጁ ጠርሙሱን እንደሚል። አጠገባቸው ነበርኩ። ገብቶኝ ነበር።»

እግሬ ቆመ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ወጣቶቹ ሁሉ ቆመው ያዩኛል። በሽተኛ ነኝ ልበል? ሻምፒዮን ይሉኝ ነበር እኮ።» መርፌዋን እያየ ነበር የሚያወራው። «ደግሞም ጣፈጠኝ። ስንት ዘመን መራራ ሻይ ጠጣሁ። ልጁ በላብ ይወጣል ሲል... ማመን አማረኝ።»

«ሆስፒታልስ? እሷ ‘እኔ ነኝ የቆረጥኩት’ ስትል እየሰማህ?»

ከአፉ የምትወጣውን ተረት አወቅኳት። «ዝም...» ብሎ ጀመረ።

«ነቀዘ እኮ አባዬ!» አልኩት። ባዶውን የሱሪ እግር አንስቼ አሳየሁት። «ይኸው፣ ነቀዘ።»

«ለእሷ አትንገሪያት» አለኝ።

እናቴ ሻዩን ይዛ ገባች። ሁለታችንን አየች፣ መኪናውን አየች።

«ለምን ቆመ? መኪናውን ማለቴ ነው።»

«ክር ተበጥሶ ነው» አለ አባቴ።

ክሩ ከላይ ከማጠንጠኛው እስከ መርፌዋ ቀዳዳ ድረስ ተወጥሮ ይታያል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ክር ስታይ የኖረች ሴት ናት።

«አልተበጠሰም» አልኩ። «ይንገርሽ።» እግሬን ከፔዳሉ አወረድኩ።

በመጨረሻ ተናገረ፣ ቀና ሳይል፣ ለእኔ ከነገረኝ ባነሰ ቃል። እናቴ ትሪውን እንደያዘች ሰማችው። ያለቅሳሉ ከሚባሉት ሴቶች አይደለችም፤ አላለቀሰችም። መጀመሪያ የተናገረችው ለእኔ ነው።

«ለዚያ ልጅ ደውዪለት። ይቅርታ ጠይቂው።»

«እሺ» አልኳት።

«እሱ ሱሪውን ይጨርስ» አለች።

ከሆስፒታሉ ወዲህ «እሱ» ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። ማንን ማለቷ እንደሆነ አላብራራችም። ሻዩን ሳታስቀምጥ ይዛው ወጣች፤ እኔም በርጩማዬን ትቼ ተከተልኳት። በሩ ላይ ስንደርስ ከኋላችን ፔዳሉ ሲንቋቋ ተሰማ። በግራው እየሞከረ ነው። መኪናው ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞረ፤ ከዚያ ክሩ የምሩን ሲበጠስ ሁለታችንም ሰማን፣ ማናችንም ግን አልተመለስንም።