የክብደቷን ያህል ዱቄት

መርሻ የሚኒባሱን የኋላ መከላከያ በሁለት እጁ ይዞ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። መኪናው ንቅንቅ አላለም። ባሌስትራው ቀድሞውኑ ተለጥጦ አልቋል፤ ከዚህ በላይ የሚወርድበት ቦታ የለውም።

ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ጆንያ በጆንያ ላይ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የሻማ ካርቶን። የካይሮው የአርድ ኤል ሊዋ ሰፈር ሐበሻ ለገዳሙ የተሳለውን ሁሉ ተሸክሞ ወጥቷል። ጉዞው ቀይ ባሕር አጠገብ ወዳለው ገዳም ነው፤ መንገዱ በተራራውና በባሕሩ መሐል እየተጥመለመለ ነው የሚሄደው።

መርሻ አገር ቤት፣ ባሕር ዳር ከተማ ሳለ ይህንኑ ነበር የሚያስተምረው፤ መኪና ምን ያህል ጭኖ፣ በምን ፍጥነት፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ እንደሚገለበጥ። ካይሮ ከመጣ ወዲህ ግን የሰው ፎቅ ደረጃ ነው የሚጠርገው። ስለ መኪና የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ዛሬም ማንም አልጠየቀውም፤ ግን ዝም ማለት አልቻለም።

"ቴዲ፣ ይሄ ጭነት ከጣራ መውረድ አለበት" አለ።

የጉዞው አስተባባሪ ቴዲ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ፣ "ጋሽ መርሻ፣ ውስጥ ቦታ አለ እንዴ? ሰው ራሱ ተደራርቦ ነው" ሲል መለሰለት።

"ግማሹ ይቅራ! ጭነቱ ጣራ ላይ ከሆነ መኪናው አይረጋም። መታጠፊያው ላይ ሾፌሩ ትንሽ ከፈጠነ በባሕሩ በኩል ነው የምንወድቀው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬኑ ይግላል፤ ከጋለ አይይዝም።"

ግብፃዊው ሾፌር ነገሩ ከሁኔታው ገብቶት ሳቀ። "ማሌሽ፣ ባሽሙሃንዲስ! ረበና ዩስቱር" አለ፤ ግድ የለም ብሎ ጉዳዩን ለፈጣሪ ሰጠው። መሐንዲስ ብሎ የጠራው ግን የመርሻን ሙያ አውቆ አይደለም፤ ካይሮ ውስጥ መነጽር ያደረገ ሁሉ መሐንዲስ ነው።

ከተሳፋሪዎቹ አንዷ እትዬ ተዋበች በመስኮት ብቅ አሉ። "አንተ ልጅ፣ ለእግዜር የተሳልነው ነው የሚገለብጠን? ምነው በጠዋቱ ባታሟርትብን!"

ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ።

"እሺ፣ ጋሽ መርሻ ይጀምር" አለ ቴዲ። "የራሱን ያውርድና እኛም እናወርዳለን።"

ሳቁ ቆመ። መርሻ መሰላሉን ወጣ። ከፊት የታሰሩት ሁለት ጆንያዎች የሚስቱ የብርነሽ ናቸው። አምና ሕመሙ ሲጀምራት፣ ከዳንኩ የክብደቴን ያህል ዱቄት አገባለሁ ብላ ተሳለች። አልዳነችም። በቅርቡ ሐኪሙ ከእንግዲህ አትመላለሺ ብሎ ሲያሰናብታት፣ "እንግዲያው ስለቱን አስቀድሜ ልስጥ፤ እግዜርን ይሉኝታ ይይዘው ይሆናል" አለች።

አሁን ከታች ቆማ ሽቅብ ታየዋለች። ነጠላው ከትከሻዋ ላይ ሰው እንዳልለበሰው ተንጠልጥሏል።

"ብርኔ፣ አንዱን ላውርደው" አላት። "ላንቺ አሁን አንዱ ይበቃል።"

ካፉ ከወጣ በኋላ ምን እንዳለ ገባውና ደነገጠ።

"ስሳል እንዲህ አልነበርኩም" አለች ቀስ ብላ። "የተሳልኩት የዚያችን የደህናዋን ሴት ክብደት ነው። አንዱን ካወረድከው አንተም ኸላስ፣ አብቅቶልሻል ብለኸኛል ማለት ነው።"

"እሺ አንቺ ቅሪ። እኔ አድርሼልሽ እመጣለሁ።"

"የኔን ስለት በሰው እጅ? አይሆንም።"

መርሻ ገመዱን ያዘ። ስሌቱ ልክ ነው፤ በዚህ አይጠራጠርም። አንዲት ጆንያ ቢያወርድ፣ ቴዲ በሰው ፊት ቃል ገብቷልና ሌላውም ይወርዳል፤ ይህ ሁሉ ሰው በደህና ገብቶ በደህና ይመለሳል። እሷ ግን እዚሁ፣ መኪናው ሳይነሳ፣ ተስፋዋ ሊቆረጥ ነው። የቆረጠውም እሱ ሊሆን ነው።

ገመዱን ፈታ። ሁለቱን ጆንያዎች አጠጋጋና እንደገና አሰራቸው፤ ጉልበቱን አስደግፎ እስከሚችለው ድረስ ሳበው። ሲወርድ ማንንም አላየም።

"በቃ፣ እንሂድ" አለ ቴዲ ስልኩን ኪሱ እየከተተ።

ብርነሽ ገብታ ከሾፌሩ ኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች።

"ወዲህ እለፊ" አላት።

"ተወኝ፣ ባሕሩን ልይበት። በዚህ በኩል ነው አሉ።"

"ፀሐይ ይመታሻል።"

እያጉረመረመች ተነሳችለት። መርሻ አልፏት ገባና ትከሻውን በባሕሩ በኩል ባለው መስኮት ላይ አስደግፎ ተቀመጠ።