ኮፈኖው ሳይከፈት

ስሟን ትሁት ያሉ ሰዎች ምን ነካቸው ያሰኛል። ልጅቷ እንቢ ካለች እንቢ ነው። በሜካኒካል ምህንድስና ከተመረቀች ወዲህ አጎቷ ካምባ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ያገኘላትን ሥራ ዛሬ ነገ እያለች፣ ሲቀላ ሰፈር ባለው የአባቷ ግቢ አንዲት ባለ ሁለት በር አሮጌ ስፖርት መኪና ሥር ተኝታ ስምንት ወር ከረመች። ሞተሩ ላይም ሱፐርቻርጀር ገጠመችበት፤ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ እየዞረ አየር ጨምቆ ሞተሩን የሚግት ማሽን ነው።

አባቷ አቶ ወልደ ሚካኤል ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ጉልበት መጨመሩን አልካዱም። «መሮጡንስ ይሮጣል፤ እኔ የምጠይቅሽ መክረሙን ነው» አሏት። «ሞተር የሚተነፍሰው የተለካለትን ነው። በግድ ከጋትሽው አንድ ቀን ያስመልሰዋል።»

ጎረቤታቸው መካኒኩ ጋሽ ዘካሪያስ ደግሞ ነገር መቆስቆስ ነፍሳቸው ነው። አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ።

የትሁት ደም ፈላ። «እኔ ስምንት ወር ቁጭ ብዬ ነው የታጠቅኩት! የጨንቻን ዳገት በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ወጥቼ እወርዳለሁ፤ የሞተሩ ክዳን፣ ኮፈኖው፣ አንዴም አይከፈትም። ከተከፈተ ማሽኑን ነቅዬ ካምባ እገባለሁ። ካልተከፈተ ግን አባዬ ግቢያችን ያለውን መጋዘን ለጋራዥ ይሰጡኛል።»

አቶ ወልደ ሚካኤል ወደ ቤት ገቡ። ኦቾሎ ያለው ሸማኔ ወንድማቸው የገመደውን የጥጥ ክር ይዘው ወጡና ኮፈኖውን ከፊት ብረቱ ጋር በሦስት ቋጠሮ አሰሩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። «ዳኛው እኔ ነኝ፤ ንጂ» አሉ።

የጨንቻ ዳገት ቀልድ አያውቅም። የጫኖን የሙዝ ማሳ አልፈው ከታጠፉ በኋላ ወደ ላይ መጠማዘዝ ብቻ ነው። እመሃሉ ላይ አንድ ቧንቧ ያለበት መታጠፊያ አለ፤ ሹፌር ሁሉ እዚያ ቆሞ ኮፈኖ ከፍቶ ራዲያተሩን ሳያጠጣ አያልፍም፣ ልክ ሳይሳለሙት እንደማይታለፍ የቤተ ክርስቲያን ደጅ። ትሁት የመጀመሪያውን ዙር ሳትቆም አለፈችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ።

ጉዱ የመጣው በሦስተኛው ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከፊታቸው አሸዋ የጫነ መኪና እያቃሰተ ይጎተታል፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መቅደም የለም። በዝግታ ሲሄዱ ሞተሩ ነፋስ አጣ፤ የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ተንፏቀቀ። ለትሁት የካምባ ጠረጴዛ፣ የካምባ ማኅተም፣ የካምባ ወንበር በዓይኗ መጣባት። «ወይ ፍንክች!» አለችና የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

«አብደሻል እንዴ? በዚህ ሐሩር?»

«ሙቀቱን ከሞተሩ ወስደን ለእኛ እናድርገው፣ አባዬ።»

እግራቸው ሥር እሳት ነደደ። አቶ ወልደ ሚካኤል መጀመሪያ ጋቢውን ጣሉ፣ ቀጥሎ ባርኔጣውን፣ ቀጥሎ ጫማቸውን። ላባቸው አፍንጫቸው ላይ ይንጠባጠባል። ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው መርፌውን ሲያዩ ግን ቆሟል። አፋቸውን መልሰው ገጠሙ።

«ይቺን ዘዴ ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ሞተሬን አውቀዋለሁ።»

መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ጋሽ ዘካሪያስ ቀድመው መጥተው፣ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ይዘው፣ ሥራ ፈት ሹፌሮችን ሰብስበው ይጠብቋቸዋል። ባለ አሸዋው መኪና እንደ ልማዱ ዳር ይዞ ቆመ፤ መንገዱም ተከፈተ። ትሁት ልታልፍ ስትል አባቷ ክንዷን ያዟት። «አቁሚ።»

አቆመች። ሞተሩን ግን አላጠፋችም። አለቀልኝ፣ የገዛ አባቴ ጉድ ሠራኝ አለች በልቧ፤ እንባዋ መጣ።

ጋሽ ዘካሪያስ ሮጠው መጡ። «አላልኩም? ክሩን ይፍቱት፣ ጋሼ! ሳይቃጠል ውሃ እናጠጣው!»

አቶ ወልደ ሚካኤል ጀሪካኑን በመስኮት ተቀበሉ። ቀና አደረጉትና ግማሹን በራሳቸው ላይ አፈሰሱት፤ ከቀረው ጠጡ። ሹፌሮቹ አፋቸውን ያዙ።

«የጠማው ሽማግሌው ነው» አሉ ጀሪካኑን እየመለሱ። «ሞተሩ ምንም አላለም።»

«ጨንቻ ገና ነው እኮ!» አሉ ጋሽ ዘካሪያስ።

«እስክንደርስ እኔ እሞቅላታለሁ! ምን አገባህ?» ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ውሃው ከጢማቸው ይወርዳል። «ማሞቂያውን እንዳታጠፊ። ንጂ!»

ነዳች። ጨንቻ ደርሰው፣ ተመልሰው ግቢያቸው ሲገቡ ሦስቱም ቋጠሮ እንደታሰረ ነበር። አቶ ወልደ ሚካኤል በባዶ እግራቸው ወርደው ክሩን በጥርሳቸው ፈቱት። የመጋዘኑን ቁልፍ አሰሩበትና አንገቷ ላይ አጠለቁላት።