ፍሬን የለሽና ካሜሊያዋ

ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ አንድ ሰው ጡረታ ወጥቶ እቤት ሲውል ቂጡ መሬት አልነካ አለ። ጓደኞቹ «ፍሬን የለሽ» ብለው ያወጡለት ስም ለአነዳዱ አልነበረም፤ ለጠባዩ ነው። የቤቱን ዕቃ ሲያዟዙር ከርሞ የሚነካው ሲያጣ፣ ሚስቱ ከሰፈሩ ችግኝ ሻጭ አንዲት ካሜሊያ አመጣችለት፤ ዛፉ ሁሉ ራቁቱን በሚቀርበት በብርድ ወራት የምታብብ ቁጥቋጦ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። እሱ ደጅ ደጁን ሲል እሷ እፎይ ብላ እንድትሰፋ ነበር ሐሳቧ።

የሻጯ አደራ አጭር ነበር፤ እምቡጥ ከያዘች በኋላ አፈሯ እንዳይደርቅ፣ ከቦታዋም እንዳትነቀል።

እሱ ግን አላስቻለውም። አጥሩ ሥር ጥላ በዛባት ብሎ ወደ በሩ አዛወራት። እዚያ ደግሞ ነፋሱ አላማረውም፤ ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ሥሯን እየበጣጠሰ ሲያንከራትታት፣ እንደ ዶቃ የተደረደሩት እምቡጦች እየረገፉ መሬቱን ሞሉት። ሚስቱ አይታ የረገፉትን ጠርጋ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ያን ጊዜ ቢገባው ደግ ነበር። በማግስቱ እሷ ገበያ በሄደችበት፣ ብርሃን ታገኝ ብሎ የስፌት መኪናዋን ጎትቶ መስኮት ወዳለበት ግድግዳ አስጠጋው። ስትመለስ ክሩ ተተብትቧል፤ ለደንበኛ የጀመረችው ነጭ ቀሚስ መሬት ለመሬት ተጎትቶ ጠቁሯል።

አልጮኸችም። «አንተ ሰውዬ፣ አንተ ባለህበት ምንም ነገር ሥር አይሰድም» አለችው፤ ቀሚሱን ጠቅልላ እህቷ ዘንድ ሄደች።

ቤቱ ወና ሆነበት። ስልኩን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ከኩሽና እስከ ደጃፍ ይመላለሳል። ሻጯን ሄዶ ቢያማክራት፣ ውሃ ብቻ አጠጣት እንጂ ሌላ ምንም አታድርግ አለችው። ምንም አለማድረግ እንዴት እንደሚደረግ ግን አልነገረችውም።

አንድ ጠዋት ሲነሳ ግቢው በውርጭ ነጥቷል። ፀሐይ በአጥሩ ላይ ብቅ ልትል ነው፤ ውርጭ ያደረበትን እምቡጥ ደግሞ የጠዋት ፀሐይ ድንገት ካገኘችው ታቃጥለዋለች። እጁ ወደ አካፋው ሄደ። ከመንገድ መለሰው። የአልጋውን ብርድ ልብስ ገፎ ወጣና በርጩማ ስቦ በፀሐይዋና በቁጥቋጦዋ መካከል ተቀመጠ፤ ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ወጠረው። ትከሻው ዛለ፣ ጣቶቹ ደነዘዙ፣ ሐሳቡ ስንት አገር ዞረ። እሱ ግን አልተነሳም።

ሚስቱ መቀሷን ልትወስድ ስትመጣ እንዲያ ሆኖ አገኘችው። ያመመው መስሏት ክው አለች።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ምንም» አላት። ብርድ ልብሱን ሳያወርድ፣ «ቀሚሱን አበላሸሁብሽ። ይቅር በይኝ» አለ፤ ሰበብ አልጨመረበትም።

እሷም የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ ያዘችለት። ውርጩ ቀልጦ እስኪንጠባጠብ አብረው ቆዩ።

የተረፉትም እምቡጦች አብዛኞቹ ረገፉ። አንዷ ግን ሚስቱ ጓዟን ይዛ ከተመለሰች በኋላ ፈነዳች፤ ቀይ፣ ዳር ዳሯ እንደ ሻይ የጠየመ። ሁለቱም ወጥተው አዩዋት።

«ትንሽ ወደ ግራ አዘንብላለች» አለ እሱ።

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው።

«እንዲያው ነው ያልኩት» አለና እጆቹን ብብቱ ሥር ሸጎጠ።