ክብሪት የማይገባበት ግቢ

አለቃችን ዓለምሰገድ በወር አንድ ጊዜ ፍራሽ ላይ ቆሞ ንግግር ያደርጋል። የስፖንጅ ፍራሽ ፋብሪካ ስለሆንን መድረክ የለንም፤ ያለን ፍራሽ ነው። እንዳይወድቅ እየተወዛወዘ "እኛ ድርጅት አይደለንም፣ ቤተሰብ ነን" ይለናል። ቀጥሎም የጤና ችግር ያለበት ሁሉ መጥቶ እንዲነግረው፣ በሩ ለማንም ክፍት እንደሆነ ያበስራል። ማዕረጉ የሰው ሀብት ኃላፊ ነው።

ተማም አመነው። ተማም የመቁረጫው ማሽን ሠራተኛ ነበር፤ ስኳር እንዳለበትና ከሰዓት በኋላ የሆነ ነገር ቀመስ ማድረግ እንደሚያስፈልገው ነገረው። ዓለምሰገድ አቀፈው። በስብሰባ ላይ አስነስቶ አስጨበጨበለት፤ "ግልጽነት ማለት ይህ ነው" አለ። በሳምንቱ ተማም ለጤናው ሲባል ከከተማ ወጣ ብላ ዋሂል ወዳለችው መሸጫ ሱቃችን ተዛወረ። የማሽን አበሉም ለጤናው ሲባል ቀረ። አሁን ዋሂል ላይ ሙሽራ እስኪመጣ ፍራሽ ሲጠብቅ ይውላል። የሰርግ ወቅት ካልሆነ ዝንብ ነው ደንበኛው።

እኔ ደግሞ የሚጥል በሽታ አለብኝ። ጭብጨባውን አይቼ ስለነበር ለዚህ ቤተሰብ አልነገርኩም። መድኃኒቴን ጠዋትና ማታ እውጣለሁ። ኬሚስትሪ ተምሬ የስፖንጅ ጥራት መርማሪ ሆኛለሁ፤ ከቢላዋው ሩቅ ነኝ፤ ብወድቅ የምወድቀው ስፖንጅ ላይ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከእኔ የተሻለ መውደቂያ ያለው ሰው ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

በፋብሪካው ውስጥ በሽታዬን የምታውቀው ካልቱን ብቻ ናት፤ የፍራሽ ልብስ ሰፊ ናት። ከሦስት ወር በፊት ታይዋን ገበያ አብረን ሻርፕ ስንመርጥ ጣለኝ። ነጋዴው እንደ ደንቡ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር ደገነ። አንዱ ሲጠፋ ሌላ፣ እሱ ሲጠፋ ሌላ። ስነቃ የላይኛው ከንፈሬ ተቃጥሏል፤ ሰዉ ደግሞ ነጋዴውን "እጅህ ይባረክ" ይለዋል። እኔን ያስነሳኝ በሽታው ራሱ በቃኝ ብሎ መተዉ ነው። ግን ይህን በዚያ ሰዓት ለማን ላስረዳ? ለሥራ ቦታ ሰዎች ትኩስ ሻይ አቃጠለኝ አልኩ። ካልቱን ግን ትምህርቷን ይዛ ተመለሰች።

ምን እንደተማረች ያወቅኩት በአንድ የቀትር እረፍት ነው። ፀሐዩ ጣሪያውን ሲያግለው ተረፈ ምርት ላይ ጋደም እንላለን። ካልቱን ሻርፗን ስትፈታ ከጫፉ ቋጠሮ ውስጥ ክብሪት ወደቀ። እዚህ ግቢ ውስጥ ክብሪት ማለት ቦምብ ማለት ነው። ስፖንጅ አንዴ ከያዘው ማንም አያድነውም፤ ሰውን የሚጨርሰው ደግሞ ከእሳቱ በፊት ጭሱ ነው። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት በር ላይ የምንፈተሸው።

"ካልቱን፣ ሲጋራ ጀመርሽ?"

"አስተግፊሩላህ! ላንቺ ነው እንጂ። ብትወድቂ በምን ላስነሳሽ? በወሬ?"

"የተኛነው ምን ላይ ነው?"

"ስፖንጅ ላይ።"

"ክብሪት ስትጭሪበት ምን ይሆናል?"

"አቦ፣ በቀስታ ነው የምጭረው!"

"ክብሪት አያስነሳም አልኩሽ። ዝም ብለሽ ብትጠብቂ በራሱ ይተወኛል።"

"ታይዋን ላይ ማን አስነሳሽ ታዲያ? ኬሚስትሪ?"

ተከራከርኩ፣ ተቆጣሁ፣ ደደብ አልኳት። "እሺ ዶክተር ፋርሒያ፣ ከነገ ጀምሮ አላመጣም" አለችኝ። የዋህ ነኝና አመንኳት።

በማግስቱ ጠዋት ሴቶችን የምትፈትሸው ሃዎ ክብሪቱን ከሻርፑ ውስጥ አወጣችው። እኔ ስደርስ ካልቱን ወደ ቢሮ ተወስዳለች፤ ወሬው ደግሞ ከእሷ ቀድሞ ግቢውን ዞሯል። ሺሻ ታጨሳለች ያለ አለ። ፋብሪካውን ልታቃጥል ተከፍሏት ነው ያለም አለ።

"ለማን ነው የያዝሽው ብዬ ለመንኳት፣ ወላሂ" አለችኝ ሃዎ። "'ለራሴ ነው' ብላ ድርቅ አለች። እኔም እንጀራዬ ነው፣ ምን ላድርግ? ሊያባርሯት ነው።"

የመጀመሪያው ሐሳቤ ዝም ማለት ነበር። በጣም የሚያምር ምክንያትም አገኘሁለት፤ ተይ ብያታለሁ፣ አልሰማችም፣ የእጇን አገኘች። እኔ ደግሞ እናቴንና ወንድሜን የማስተዳድር ነኝ። ምክንያቱን ይዤ እስከ ጥራት ክፍሉ በር ሄድኩ። ሦስት ልጆች ያሏት ሴት እኔን ላለማጋለጥ አፏን ዘግታ ተቀምጣለች፤ እኔ መለኪያዬን አንስቼ ስፖንጅ ልለካ ነው። ከራሴ ጋር ተጣልቼ ተመለስኩ።

ቢሮው እንደ ማቀዝቀዣ ይበርዳል። ካልቱን ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

"ክብሪቱ የእኔ ነው" አልኩ።

"ውሸቷን ነው!" አለች ካልቱን።

"አንቺ ዝም በይ። አቶ ዓለምሰገድ፣ የሚጥል በሽታ አለብኝ። እሷ የያዘችው እኔን ላስነሳ ብላ ነው። ተሳስታለች፤ ግን ቃጠሎ አላሰበችም።"

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

"ይተላለፋል እንዴ?"

"አዎ፣ በስብሰባ።"

አልሳቀም። ፊቱን ወደ አዛኝነት ለመቀየር ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።

"ፋርሒያዬ፣ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ! እኛ እኮ ቤተሰብ ነን። ዋሂል ላይ ተማም ረዳት ያስፈልገዋል። አየሩም ለጤና…"

"ዋሂል ላይ አይጥለኝም?"

"እሱማ… ግን እዚያ ጸጥታ አለ።"

"እዚያ ብወድቅ አያዩኝም ማለትዎ ነው። ከቦታዬ ካነሱኝ ከዚህ በቀጥታ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ነው የምሄደው። ክብሪቱን ጨምሬ አወራላቸዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ በፍተሻችን መሀል እያለፈ ስፖንጅ ክምር ላይ ሲተኛ ነበር።"

"ሦስት ወር?"

"ከታይዋን ጀምሮ" አለች ካልቱን፣ ልትረዳኝ ብላ።

ሰውዬው እንደዚያ ሲገረጣ አይቼው አላውቅም። የፋብሪካው ባለቤት ይህን ቢሰሙ ከእኔ በሽታ በፊት የሚጠይቁት ስለ በሩ ፍተሻ ነው፤ ፍተሻው ደግሞ የእሱ ኃላፊነት ነው። ተነሥቶ ያንን ለማንም ክፍት የሆነ በሩን ዘጋው።

"ስሚ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይህ ነገር እዚሁ ይቅር። ካልቱን ወደ ሥራዋ ትመለስ፤ አንቺም ቦታሽ ላይ ነሽ። ብቻ ለአንድም ሰው እንዳትናገሪ። ለአንድም! ባለቤቱ እንዳይሰሙ።"

በሽታዬን ሦስት ዓመት ከእሱ ስደብቅ ኖሬ፣ አሁን እሱ ራሱ ደብቂልኝ ብሎ ይለምነኛል። የምፈልገውን ሁሉ አግኝቻለሁ፤ ሥራዬን፣ ካልቱንን፣ ዝምታውን። ካልቱን በክርኗ እየጎሸመችኝ "እሺ በይው፣ እሺ በይው" ትላለች። በእሺታ አንገቴን ነቅንቄ ወጣሁ።

መተላለፊያው ላይ ካልቱን ጆሮዬ ሥር ተጠጋች።

"አብሽሪ። ከነገ ጀምሮ በጫማዬ ነው የማስገባው፤ ሃዎ ጫማ አታይም።"

ቆምኩ። ልጮህባት ነበር፤ ግን ሐሳቤ ከእሷ አልፎ ሄደ። እሷን በግድ ባስጥላት ሌሎቹስ? እዚህ ወለል ላይ ብወድቅ ጥፋት የማያውቅ ደግ ሰው ሁሉ ከበሩ ውጭ ወዳለው ሻይ ቤት ሮጦ ክብሪት ይዞ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ቢተው እንኳ ሌላው ይጭራል። እንዳልባረር ዝም ብዬ፣ ቀን ሲጥለኝ ከነወገኔ ልንጨስ ነው ማለት ነው። ይህ ነው እንግዲህ ያገኘሁት ድል።

ወደ መቁረጫው ክፍል ገብቼ ማሽኑን አጠፋሁ። ያን ያህል ጸጥታ እዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

"ያ ጀመዓ፣ ስሙኝ። የሚጥል በሽታ አለብኝ። አንድ ቀን እዚህ ብወድቅ በጎኔ አስተኙኝ። ራሴ ሥር ስፖንጅ አድርጉ፤ እሱ እንኳ አይጠፋም። አፌ ውስጥ ምንም አትክተቱ። አምስት ደቂቃ ካለፈኝ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ። ክብሪት የጫረ ሰው ግን እኔን ብቻ ሳይሆን ሁላችንንም ነው የሚገድለው።"

"ሽንኩርትስ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ሽንኩርቱን ለወጥህ!"

"እጇ ላይ ቁልፍ ይደረጋል ይባላል" አለች አንዷ።

"ቁልፍም አይሠራም። ካልቱን፣ አንቺ ነሽ በጎኔ የምታስተኚኝ። ነይ፣ እዚሁ አሳዪያቸው።"

"በሰው ፊት?" አለች፤ ግን ሻርፗን ወደ ኋላ ጥላ መጣች። ስፖንጅ ላይ ተጋደምኩላት። ትከሻዬን ይዛ ስትገለብጠኝ እንደ ጆንያ ነው የወረወረችኝ፤ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። "ቀስ በይ፣ ገና አልሞትኩም" አልኳት።

ዓለምሰገድ እየሮጠ ደረሰና በሩ ላይ ቆመ።

"ማሽኑን ማን ነው ያጠፋው?"

በጎኔ እንደተጋደምኩ እጄን አወጣሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "ገና አልጨረስኩም።"