በረቱ ይተንፍስ

አማቴ እማማ ብርቅነሽ ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ እንደ ሌባ ነው የሚጠብቁት። ክረምት ሳይገባ ሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች የጋቢ ቁርጥራጭ ይለምኑና የበረታችንን ቀዳዳ አንድም ሳያስቀሩ ይወትፉታል። ያም ሆኖ አምናም ዘንድሮም ጥጃ በሳል ሞቶብናል። በሞተ ቁጥር እማማ ሌላ ቁርጥራጭ ያመጣሉ።

አሁን የቀረችን አንዲት ጥጃ ናት። የምንኖረው ወተት ሸጠን ነው፤ እናቷ ወርቄ ደግሞ አርጅታለች፣ ከእንግዲህ መውለዷን እንጃ። ጥጃዋ ካልተረፈች በረቱ ባዶ ይቀራል። ትናንት እሷም ማሳል ጀመረች። የእንስሳት ሐኪሙ መርፌ ወግቷት ሲወጣ ዓይኑን እያሸ፣ "መድኃኒት ብቻውን አያድናትም። የሽንቱ ሽታ መውጫ አጥቶ ሳንባዋን እያቃጠለው ነው" አለኝ።

ዛሬ ጠዋት መዶሻ ይዤ ገባሁ። ከጣሪያው ሥር ያለውን ቆርቆሮ ልነቅል ስል እማማ በሩ ላይ ቆሙ።

"ናዝሬት፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"አየር ልከፍትላት ነው።"

"በዚህ ብርድ? ልትገድያት ነው?"

ደሜ ፈላ። ከአማት ጋር አፍ መካፈት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ዝም ብዬ ሌላ ጥጃ አልቀብርም።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ጋ ቁጭ ይበሉ። እሷ በምትተኛበት ልክ።"

ሊቆጡኝ ነበር መሰለኝ፤ ግን ጥጃዋ ስታስል አዩና አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። ብዙም አልቆዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ፣ እርሳቸውንም ሳል ጀመራቸው።

"ቆመን ስንጠርግ እኮ እንዲህ አይሸትም" አሉ።

"እሷ ውሎዋ እዚያው መሬት ላይ ነው፣ እማማ።"

ቀና ብለው የወተፉትን ቁርጥራጭ አዩት። "የሞቱትንም እኔ ነኝ እንዴ የገደልኳቸው?"

አንጀቴን በሉት። አዎ ማለት አቃተኝ፣ አይደለም ማለትም። "እንዲሞቃቸው ብለው ነው" አልኳቸው።

እማማ ተነሥተው ከጣሪያው ሥር ያለውን ቁርጥራጭ ይመዙት ጀመር። እኔ ቆርቆሮውን ነቀልኩ። ንፋስ እንዳይመታት ከታች ያለውን እንደተዘጋ ተውነው፤ እርጥቡን ጉዝጓዝም ጠርገን ደረቅ ገለባ አነጠፍንላት።

ቀዝቃዛው አየር ሲገባ ጥጃዋ ተንቀጠቀጠች። እማማ ወደ እኔ ዞሩ። መልሰሽ ዝጊው ሊሉኝ ነው ብዬ መዶሻውን አጥብቄ ያዝኩ።

እርሳቸው ግን ወደ ቤት ገብተው፣ ለመድኃኔ ዓለም ንግሥ ብቻ የሚለብሱትን ጋቢ ይዘው ተመለሱ። ጥጃዋን አልብሰው ከሆዷ ሥር በገመድ አሰሩላት።

"ብርዱን ለእኔ ተዪው" አሉኝ። "አንቺ ክፈቺ።"