የፍሬአብ የጠዋት ሽንት

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ጭቃ የነካው ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ከባጃጁ ወርደው ወደ ላቦራቶሪው ሲዘልቁ ንዴታቸው ቀድሟቸው ገብቶ ነበር።

«ደግሞ ምን ጎደለው?» አሉ ገና ከበሩ። «የዲማን ወርቅ አምጡ ብትሉን እስካሁን ቆፍረን ባወጣን!»

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሳባ ወንበር ሳበችላቸው። አዲስ አበባ የተላከው የፍሬአብ ሽንት አሁንም አልሆነም። «በጣም ቀጥኗል፤ በዚህ መፍረድ አንችልም» ብለዋል መርማሪዎቹ።

ወይዘሮዋ ተቀመጡ እንጂ አላረፉም። የልጅ ልጃቸው ፍሬአብ ጣቶቹ አይዘረጉም፤ ሲያለቅስ እምብርቱ ላይ ያበጠው እንደ ሎሚ ይጠነክራል። ሐኪሙ የጠረጠረው በዘር የሚወርድ በሽታ ነው። ሰውነቱ መሰባበር ያቃተው አንድ ዓይነት ስኳር በየአካሉ ይከማቻል፣ ከፊሉም በሽንት ይወጣል። ይህ ሳይለይ እብጠቱን ለመቅደድ ማደንዘዣ አልሰጠውም ብሏል፤ በሽታው የመተንፈሻ ቱቦን ስለሚያጠብብ ማደንዘዙ ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል።

«እማማ፣ ከመሽናቱ በፊት የጠጣው ነገር አለ?»

«ስንቴ ልንገርሽ? በባዶ ሆዱ ነው! ውሃ በአፉ አልዞረም። ይልቅ እናንተ ስታጓጉዙት በረዶ ገብቶበት ይሆናል።»

«ክዳኑ እኮ የታሸገ ነው።»

«እንግዲያው ልጄ ውሃ ይሸናል በይኛ!»

የፍሬአብ እናት ምሕረት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። «እማዬ፣ ጸበሉስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ጸበሉ ምን ሆነ?»

«ጎህ ሲቀድ በጆግ ሙሉ አጠጥተሽው አይደል እንዴ የሚሸናው?»

ዞረው አፈጠጡባት። «ጸበል ውሃ ነው እንዴ? ጾም ያስገድፋል?»

ሳባ ሳቋን ዋጠች። «አያስገድፍም፣ እማማ። ኩላሊት ግን ጸበል ይሁን የቧንቧ አይለይም። እንደነቃ መጀመሪያ ይሽና፤ ጸበሉን ከዚያ ይጠጣ።»

«ታዲያ ይህን ቀድመሽ አትናገሪም?»

«የጠጣው ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ እኮ!»

«ጸበል ብለሽ አልጠየቅሽማ!»

በማግስቱ አያቱ ፍሬአብን ዓይኑን በቅጡ ሳይገልጥ አቆሙት። «አልመጣም» ሲል «ይመጣል ዓይኔ፣ እዚሁ ነኝ» አሉት። መጣ፤ ቢጫ፣ ወፈር ያለ። ዕቃውን ማንም ሳይነካባቸው ራሳቸው ከደኑት።

ውጤቱ ከአዲስ አበባ ሲደርስ ሳባ ወረቀቱን ገልጣ አነበበችው። «ስኳሩ ከልክ በላይ ነው፣ እማማ። ሐኪሙ የጠረጠረው ነው።»

«ይኼን ልትነግሪኝ ነው ያመላለስሽኝ?» ድምፃቸው ተሰበረ። ምሕረት ማልቀስ ስትጀምር ግን ክንዷን ይዘው ጎተቷት።

«ኋላ ታለቅሻለሽ። ተነሽ፣ ሐኪሙ ለምሳ ሳይወጣ። አሁንማ ምክንያት የለውም፤ የልጁን እብጠት የሚቀድበትን ቀን ይቁረጥልን።»