መንበርከክ ክልክል ነው

ሜትሮ ቢሎኩሪ በዕድሜው «አላውቅም» ብሎ አያውቅም። በተለይ ወሬው ስለ በረዶ ሆኪ ግብ ጠባቂዎች ከሆነ፣ እሱ ባለበት ሌላ ሰው አፉን ባይከፍት ይሻለዋል። የቬርባ መንደር ሰዎች በክረምት በረዶ ሜዳው ካንቲን ገብተው ሾርባቸውን ይዘው ሲቀመጡ ሜትሮ ማንም ያልጠየቀውን ይመልሳል። የመጀመሪያዎቹ ግብ ጠባቂዎች እግራቸውን የጋረዱት በክሪኬት ተጫዋቾች መከላከያ እንደነበር ይነግራቸዋል። ወንዶቹ ፊታቸውን ለፓክ ሰጥተው ጥርሳቸውን በሚያራግፉበት ዘመን አንዲት ተማሪ የጎራዴ ግጥሚያ ጭምብል አጥልቃ ግብ እንደቆመች ይነግራቸዋል። ፓኳ ራሷ፣ ያቺ ጠፍጣፋ ጥቁር ላስቲክ፣ በጠፋች ጊዜ የገበሬ ልጆች ውርጭ ያደረቀውን የፈረስ ፋንድያ በዱላ ሲያንከባልሉ እንደኖሩም ይጨምርላቸዋል፤ ያውም ሰው ሾርባ እየጠጣ።

«እሺ፣ አንተስ ስንት ፓክ አድነሃል?» ሲሉት ግን ወሬ ይቀይራል።

አንድም አላዳነም። በሃያ ሁለት ዓመቱ የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን ግራ ጉልበቱን ካደቀቀው ወዲህ እግሩ አይታጠፍም። በቬርባ ቡድን ውስጥ ያለው ሹመት ተጠባባቂዎቹ ወደ ሜዳ የሚገቡበትን በር መክፈትና መዝጋት ነው። የቤቱ ግብ ጠባቂ ሚስቱ ሎሬታ ናት።

ሎሬታ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከዚያ የሰፋ የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት። የቬርባን ግብ የያዘችው ልጆቿን ከመውለዷ በፊት ነው፤ ዘመኗን ሁሉ ፓክ ዝቅ ብላ በመጣች ቁጥር ሁለት ጉልበቷን በረዶው ላይ ዘርግታ እየዘጋች ኖራለች። ዳሌዋ የተጎዳውም በዚሁ ነው። በመከር ጊዜ ከተማ ሄዳ ታይታ ስትመለስ ጓንቷን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው።

«ሐኪሙ በጸደይ ዳሌሽ ይቀየራል አለኝ። እስከዚያ መንበርከክ የለም። ቆመሽ ከሆነ ተጫወቺ አለ፣ ጅል! የማይንበረከክ ግብ ጠባቂ የት አየ? ያ የአጥር ቋሚ ነው እንጂ ግብ ጠባቂ ነው?»

«ድሮ እኮ ነበረ» አለ ሜትሮ።

«ጀመረው ደግሞ!»

«እውነቴን ነው። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ግብ ጠባቂ በረዶው ላይ ከወደቀ ይቀጣ ነበር። አንዱማ አዳለጠኝ እያለ ይወድቅና እንደሚጸልይ ሰው ተንበርክኮ ይቀር ነበር። በመጨረሻ ዳኞቹ ሲሰለቻቸው ሕጉ ተለወጠ።»

«ታዲያ የዛሬ መቶ ዓመት ሄጄ ልጫወትልህ?» አለችና ድስቱን ከፈተች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የምፈልገው፣ ሜትሮ። የየካቲቱን። ኦረስትን አንዴ አሸንፌው ልውጣ።»

ኦረስት ታናሽ ወንድሟ ነው። ሚስት አግብቶ ጎረቤት መንደር ካርሊን ከገባ ጀምሮ የካርሊን ቡድን አለቃ ሆኖ፣ በየዓመቱ የካቲት ላይ ከቬርባ ጋር በሚደረገው ግጥሚያ እህቱ ላይ ግብ ያገባል። ለአሸናፊ የሚሰጠው የተቆለመመ የወተት ባልዲ ካርሊን ከተሰቀለ ስንት ክረምት አለፈው። ገና በመጣ ቁጥር ኦረስት ማዕድ ላይ ተቀምጦ «ባልዲዋ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» ሳይላት አይውልም።

ሜትሮ ያን ሌሊት ሲገላበጥ አደረ። በማግስቱ የበረዶ ሜዳው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ ዘንድሮ ሜዳው መቶ ዓመት ስለሚሞላው የየካቲቱ ጨዋታ በጥንቱ ሕግ ይሁን ሲል ተሟገተ። ግብ ጠባቂ መንበርከክ ክልክል ይሁን። የተንበረከከ እንደ ጥንቱ ራሱ የቅጣት ወንበር ላይ ይቀመጥ። ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ የሚባል ነገርም አይኑር፣ ያኔ አልነበረማ! ኮሚቴው ይህን ሰውዬ ከማዳመጥ መስማማት ይሻላል ብሎ ተስማማ። ጸሐፊዋ ስቴላ ብቻ በመነጽሯ አናት በኩል ለረጅም ጊዜ አየችው። ሜትሮ ምክንያቱን ለማንም አልተነፈሰም። ሎሬታ ለዳሌዋ ታዝኖላት ሕግ እንደተለወጠ ከሰማች የበረዶ ጫማዋን አናቱ ላይ ነው የምትሰብረው። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

ዝም ማለቱ ግን ዋጋ አስከፈለው። የካርሊኑ ግብ ጠባቂ ቦርጩ ስለማያስጎነብሰው ድሮም ተንበርክኮ አያውቅም፤ ሕጉ የሚጎዳው ሎሬታን ብቻ እንደሆነ ቬርባ ወዲያው ገባው። «ሚስቱን በገዛ እጁ አሰራት» ተባለ። ሎሬታም ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። «የመጨረሻ ጨዋታዬን ለአሮጌ ወሬህ ሸጥከው» አለችው። ይቺ ቃል ውስጡ ገባች፤ ቢሆንም አፉን አልከፈተም።

የጨዋታው ቀን ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ቢሆንም የሁለቱም መንደር ሰው ሜዳውን ሞላው። ሎሬታ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ቀጥ ብላ ቆማ ተወጣችው፤ ከዱላዋና ከጓንቷ ያመለጡት ሁለት ብቻ ናቸው። ሜትሮ በሩን እየከፈተና እየዘጋ በልቡ «እሰይ፣ እንዲህ ነው» ይል ነበር። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ግን ኦረስት ፓኳን በረዶውን አስታኮ ለቀቃት፤ ሎሬታም ሳታስበው ዱብ ብላ ተንበርክካ ያዘቻት። የዳኛው ፊሽካ ጮኸ።

«ሎሬታ! ሁለት ደቂቃ!»

አመል ያወጣል ከመሐል የተባለው ለዚህ ነው። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ፤ እሷ እየተራገመች የቅጣት ወንበሩ ላይ፣ ሰዓት ከምትይዘው ከስቴላ ጎን ሄዳ ተቀመጠች። በእሷ ቦታ አንድ ተከላካይ ግብ ገብቶ ቆመ። ካርሊኖች ሁለት አገቡበት፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ጣቱን መታችው።

ቬርባ እየተጋጋጠ አራት ለአራት አደረሰው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ግብ አፍ ላይ ግርግር ሆነ፣ ሎሬታም ድጋሚ ወደቀች። ፓኳን አዳነቻት፤ ስትነሳ ግን ዳሌዋን ይዛ ነው የተነሳችው። ሜትሮ የበሩን እጀታ እንደያዘ ፊቷን አየ። ከዚህ ሊያድናት ነበር የለፋው፤ እሷ ግን ሕግም ሐኪምም አላቆማትም።

ፊሽካው ጮኸ። ያ ተከላካይ ያበጠ ጣቱን አንስቶ «እኔ አልገባም!» አለ። ሌላውም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ያኔ ከተመልካቹ መሐል አንድ ድምፅ ተነሳ።

«ሕጉን ያመጣው ይቁም!»

ከዚያ ሁሉም ተቀበለው። «ሜትሮ ይቁም! ሜትሮ ይቁም!»

ኦረስት እየተንሸራተተ በሩ ድረስ መጣ። «አማቻችን፣ እስከ ዛሬ በአፍህ ስታድን ኖረሃል። እስቲ ዛሬ በእግርህ።»

«ተጫዋች አይደለሁማ!»

«ቡድኑ ግብ ጠባቂው ሲመታበት ኮቱን አውልቆ ግብ የገባው አሰልጣኝስ? አርባ አራት ዓመቱ ነበር፣ አሸነፈም አላልከንም? በየገናው ስንሰማው የኖርነው ውሸት ነው እንዴ?»

«ውሸትማ አይደለም!» አለ ሜትሮ ተቆጥቶ፤ ከአፉ እንደወጣም መጠመዱን አወቀ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሎሬታ ወደ ቅጣቷ ስታልፍ ጭምብሏን አወለቀችና ጭንቅላቱ ላይ ጫነችለት። ዱላዋንና ጓንቷንም አስያዘችው። «ምንም እንዳትሞክር» አለችው። «ዝም ብለህ ቁም። በሕይወትህ አንዴ እንኳ ዝም በል!»

ሜትሮ በወፍራም የሱፍ ቦቲው እየተንፏቀቀ ግቡ መሐል ደረሰ። ከዚያ ሲታይ ሜዳው እንዲህ ሰፊ መሆኑን እስከ ዛሬ ማንም አልነገረውም ነበር። ወደ ቅጣት ወንበሩ ቢያይ ስቴላ ወደ ሎሬታ ጆሮ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ታወራለች። ሎሬታ ፊቷን መልሳ አየችው። ምን እንደተባባሉ ለማሰብ ግን ፋታ አላገኘም፤ ኦረስት ፓኳን ይዞ እየመጣ ነው።

ኦረስት ወደ ቀኝ አሳየና ወደ ግራ ዞረ። ግቡ አፋፍ ላይ ደርሶ ዝቅ አድርጎ መታት። እዚህ አገር እንዲህ ያለች ፓክ ስትመጣ የማይወድቅ ሰው አልተወለደም፤ የሜትሮም ገላ ሊወድቅ ፈለገ። ቀኝ ጉልበቱ ታጠፈ። ግራው ግን እምቢ አለ። ዕድሜውን ሙሉ የረገመው፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የማይንበረከከው ያ ደረቅ እግር እንደ ቋሚ ተገትሮ ቀረ፤ ፓኳም ሄዳ እሱኑ ጓ! አድርጋ ተመለሰች።

ሜትሮ የጮኸው ጩኸት ካርሊን ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ያኔ ጣቱ ያበጠው ተከላካይ ፓኳን ቀልቦ ሜዳውን አቋርጦ በረረ፣ የካርሊኑ ቦርጫም ግብ ጠባቂ ዘወር ከማለቱ በፊትም አገባት። አምስት ለአራት! ሎሬታ ቅጣቷን ጨርሳ ስትመለስ ሜትሮን በሁለት ሰው ተደግፎ አገኘችው። ጭምብሏን ተቀብላ ግቧ ገባች፤ የቀረውን ጊዜም በረዶው ላይ እንደተተከለች፣ ምንም ቢመጣ ሳትወድቅ ጨረሰችው።

ካንቲኑ ውስጥ የተቆለመመው ባልዲ ጠረጴዛው መሐል ተቀምጦ ፒሮሂው፣ ድንች የታጨቀበት ቅቅል ሊጥ፣ በሽንኩርትና በጎምዛዛ ክሬም ይታደላል። ኦረስት አቀርቅሮ ይበላል። ሜትሮ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ በረዶ በፌስታል ታስሮለት፣ ስለዚያች አንድ ፓክ አራት ጊዜ ተርኮ አምስተኛውን ሊጀምር ሲል ሎሬታ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ስቴላ ደረሰችብህ» አለችው።

«በምኑ?»

«ሐኪሙ ያለኝን በመከር ነግሬያት ነበር። በማግስቱ አንተ ኮሚቴ ፊት ቆመህ መንበርከክ ክልክል ይሁን ስትል ወዲያው ገብቷታል። እኔ ነኝ ዛሬ የነቃሁት።»

ሜትሮ እግሩ ላይ የታሰረውን በረዶ አስተካከለ።

«እስቲ ታሪክ አዋቂው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ሎሬታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ ካንቲኑ ጆሮውን አቆመ። «በድሮ ጊዜ፣ ለሚስቱ ዳሌ ሲል የጨዋታ ሕግ ያስለወጠ፣ ሳምንት ሙሉ ስታኮርፈውም ትንፍሽ ያላለ ባል ነበረ?»

ሜትሮ ጆሮው ሳይቀር ቀላ።

«አላውቅም» አለ።

ኦረስት ሹካውን ይዞ ቀና አለ። ስቴላ መነጽሯን አወለቀች። ሎሬታ ግን የመጨረሻዋን ፒሮሂ ከራሷ ሳህን አንስታ ባሏ ሳህን ላይ አስቀመጠችለት።

«እኔ አውቃለሁ» አለች።